መልካም ጠባይ ትንሽ ነገር ነውን?

በዕለት ኑሮአችን ብዙ ጊዜ ከምንንቃቸው ነገሮች አንዱ መልካም ጠባይ ነው። ታላላቅ የሚባሉትን ምግባራት፥ ማለት እውነተኛነትን፥ ታማኝነትን፥ ርኅራኄን፥ ጽናትን ሁላችንም እናመሰግናለን፤ ስለ እነርሱ ሲነገርም ጆሮአችንን እንሰጣለን። ነገር ግን ሰላምታ መስጠትን፥ ለሽማግሌ መነሣትን፥ ቃልን አለስልሶ መናገርን፥ ተራን መጠበቅን፥ ስለ ተደረገልን ነገር ማመስገንን የሕፃናት ትምህርት አድርገን እንቈጥራቸዋለን። «ዋናው ልብ ነው፤ ልብ ደኅና ከሆነ የውጭው ነገር ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ይህ አነጋገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ጥበብ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል። ልብን መርምሮ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነውና፥ ባልንጀራችን የሚያየው ፊታችንን፥ የሚሰማውም ቃላችንን ነው። ልባችን ደኅና መሆኑን በፊታችንና በቃላችን ካላስታወቅነው እርሱ በምን ሊያውቀው ይችላል?

በመልካም ጠባይ ላይ የሚቀርቡት ክሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፥ ጠባይ እንደ አገሩ ልማድ ይለያያል፤ በአንዱ አገር ክብር የሆነው በሌላው አገር ነውር ይሆናል፤ ስለዚህ የምግባር ሕግ ሊባል አይገባውም፥ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ጨዋነት የውጭ ሽፋን ነው፤ ሰው በአፉ እያከበረ በልቡ ሊንቅ ይችላል፥ የሚል ነው። እነዚህን ሁለት ክሶች ለመመርመር ከጅቡቲ ከተማ የተሻለ ስፍራ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ደገኛው ሰው ጅቡቲን የሚያውቃት በባሕር በርነቷ ነው። ፈረንሳውያን ከተማይቱን በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር የቈረቈሩአት እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሆን፥ ከዚያ በ1897 መሠራት የጀመረው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ኢትዮጵያዊ ባሕርን መጀመሪያ የሚያየው፥ ቋንቋውንም ሆነ ልማዱን ከማያውቅ ሕዝብ ጋር መጀመሪያ የሚገናኘው በዚያች ከተማ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1924 አውሮፓን ለመጐብኘት ሲሄዱ በጅቡቲ በኩል አለፉ፤ በ1936 የጠላት ጦር ወደ አዲስ አበባ በቀረበ ጊዜም ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ለስደት የተሳፈሩት ከዚያው ወደብ ነው። አገሪቱ በጁን 27 ቀን 1977 ነፃነቷን ስታገኝ፥ ቀድሞ በዳግማዊ ምኒልክ ስም ይጠራ የነበረው አደባባይ በዚያ ቀን ስም ተሰየመ። ከ1998 ወዲህም የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከመቶው ዘጠና የሚያህለው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ ሆኖአል፤ አሮጌው ሐዲድ ከቆመ በኋላም በ2018 ሥራውን የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ሁለቱን ዋና ከተሞች እንደገና አገናኝቶአቸዋል።

ስለዚህ በዚህች ከተማ ጎዳና ሶማሌውና አፋሩ፥ ከየመን የተሻገረው ዐረብና ፈረንሳዊው፥ ከደጋ የወረደው ኢትዮጵያዊም ትከሻ ለትከሻ ይተላለፋሉ። የመንግሥቱ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ በቤትና በገበያ ሶማልኛና አፋርኛ ይነገራሉ፤ በወደቡ አካባቢና የከባድ መኪና ሹፌሮች በሚያርፉበት ስፍራ ደግሞ አማርኛ ይሰማል። ልማዶቹም እንደ ቋንቋዎቹ ብዙዎች ናቸው።

የእኛ አገር ሰው ታላቁ ሲገባ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፤ ታላቁም «በእግዚአብሔር» ብሎ ይመልሳል። እጁን ለሰላምታ ሲዘረጋ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ይደግፋል፤ ዐይኑንም ዝቅ ያደርጋል። ፈረንሳዊው ግን ዐይንን ዝቅ ማድረግን እንደ መደበቅ ሊቈጥረው ይችላል። ሶማሌው «ናበድ» እያለ ስለ ሰላም ይጠይቃል። የአፋር ሰው ከመንገደኛ ጋር ሲገናኝ «ዳጉ» በሚባለው ሥርዓት ስለ ዝናቡና ስለ ግጦሹ፥ ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ወሬ ይለዋወጣል፤ የሰማውንም ሳያጣምም ቀጥሎ ለሚያገኘው ሰው የማድረስ ግዴታ አለበት። የዒሳ ሶማሌዎች «ሔር ዒሴ» የሚሉት ያልተጻፈ ሕግ በዛፍ ጥላ ሥር በሚደረግ ሸንጎ ሲሠራበት የኖረ ሲሆን፥ በ2024 ዩኔስኮ ከሰው ልጅ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። አንዲት ሙስሊም ሴት እጇን ሳትዘረጋ ስትቀር፥ ወንዱ የራሱን እጅ በደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ቢሰጣት በቂ ነው፤ እጁን ዘርግቶ ቢያስጨንቃት ግን በገዛ አገሩ ጨዋነት የሆነው ነገር በዚያ ድፍረት ይሆንበታል።

እንግዲህ ልማድ ይህን ያህል ከተለያየ የመጀመሪያው ክስ እውነት አይደለምን? አይደለም። ልማዱ ልዩ ልዩ ቢሆንም በልማዱ የሚነገረው ነገር አንድ ነው። የሚነሣውም፥ እጁን በደረቱ ላይ የሚያደርገውም፥ ስለ ሰላም የሚጠይቀውም፥ በመንገድ ቆሞ ወሬ የሚያካፍለውም ለባልንጀራው «አይቼሃለሁ፤ እንደ እኔ ሰው መሆንህን አውቄአለሁ፤ ከእኔ ዘንድ ክፉ ነገር አይደርስብህም» እያለው ነው። ይህን አንድ ነገር ሶማሌው በሶማልኛ፥ እኛ በአማርኛ እንናገረዋለን እንጂ ነገሩ ሁለት አይደለም። ቋንቋዎች ብዙዎች ስለ ሆኑ እውነት የለም እንደማንል፥ ልማዶች ብዙዎች ስለ ሆኑ ጨዋነት የለም ልንል አይገባንም።

ከዚህም አንድ ተግባር ይከተላል። ነገሩ አንድ፥ አነጋገሩ ብዙ ከሆነ፥ እንግዳው የባለ አገሩን አነጋገር ሊማር፥ ባለ አገሩም የእንግዳውን ስሕተት ሊያልፍለት ይገባል። የማርቲን ሉተር ትንሹ ካቴኪዝም ከታተመ አንድ ዓመት በኋላ፥ በ1530፥ ኤራስሙስ የተባለው ሊቅ ስለ ልጆች ጠባይ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። ስለ አቀማመጥ፥ ስለ አበላል፥ ስለ አነጋገር ብዙ ሥርዓት ከደረደረ በኋላ፥ ከጨዋነት ሁሉ የሚበልጠው ራስ ሳያጠፉ የሌላውን ጥፋት በቀላሉ ማለፍ መሆኑን አስተማረ። ይህ ትልቅ ምክር ነው። የሌላውን ሰው ጠባይ ማነስ እየቈጠረ የሚፈርድ ሰው፥ ሥርዓቱን ሁሉ ቢያውቅም እንኳ ከሥርዓቱ ራስ ስቶአልና። በጅቡቲ ገበያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገረውን ሰው ደገኛው «ተቈጣኝ» ብሎ ቢያስብ፥ ሰውየው ግን በግልጽ መናገሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዝግ ብሎ፥ ዙሪያውን እየዞረ የሚናገረውን ደገኛ ደግሞ ያኛው «የሚደብቀው ነገር አለው» ቢል፥ ሰውየው ግን ማክበሩ ነበር። ከመፍረድ አስቀድሞ መጠየቅ፥ ከመቈጣትም አስቀድሞ መታገሥ የጨዋ ሰው ምልክት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክስ እንምጣ። ጨዋነት ከልብ ያልሆነ ሽፋን አይደለምን? ኢማኑኤል ካንት የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ በ1798 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ጥያቄ አንሥቶአል። አሳቡም በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የትሕትና ቃላት እንደ ዝርዝር ሳንቲም ናቸው፤ ዋጋቸው ትንሽ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አይታለልባቸውም፤ ነገር ግን ምንም ሳንቲም ካለመኖር ዝርዝሩ መኖሩ ይሻላል፤ በእጅ ሲዘዋወርም ውሎ አድሮ በወርቅ ሊመነዘር ይችላል። ይህንንም በየቤታችን እናየዋለን። ሕፃን ልጅ «አመሰግናለሁ» ማለትን የሚማረው የምስጋናን ትርጉም ሳያውቅ ነው። ቃሉ አስቀድሞ በአፉ ይገባል፤ ልቡም ቈይቶ ከቃሉ ይማራል። ምስጋናን ሳይናገር ያደገ ልጅ ግን የሚደረግለትን ሁሉ እንደ ግብር መቀበልን ይለምዳል። አጥር እህል አያበቅልም፤ ይሁን እንጂ አጥር የሌለው ማሳ የከብት መሰማሪያ ሆኖ ይቀራል። የጠባይ ሥርዓትም ፍቅርን አይፈጥርም፤ ነገር ግን ፍቅር እንዳይረገጥ ይጠብቀዋል።

ሽንገላ የሚባል ነገር መኖሩን አንክድም። ሽንገላና ጨዋነት በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ጎንበስ ይላሉ፥ ሁለቱም ለስላሳ ቃል ይናገራሉ። የሚለዩበት መንገድ ግን ቀላል ነው። ሽንገላ የሚመለከተው ወደ ላይ ብቻ ሲሆን፥ ጨዋነት ግን በሁሉም ወገን ይመለከታል። በወደቡ በር አንድ ሰው በጉምሩክ ሹም ፊት ጎንበስ ብሎ «ጌታዬ» ካለ በኋላ፥ ወዲያው ዘወር ብሎ ጭነቱን የሚያወርደውን ወዛደር ቢሰድበው፥ ለሹሙ የሰጠው ሰላምታ ጨዋነት ሳይሆን ዋጋ ፈልጎ ያቀረበው ሸቀጥ መሆኑ በዚያው ሰዓት ይገለጣል። ስለዚህ የአንድን ሰው ጠባይ ለማወቅ ለታላላቆቹ የሚያደርገውን መመልከት አያስፈልግም፤ ብድር ሊመልስለት ለማይችለው ሰው የሚያደርገውን መመልከት ይበቃል።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነቡ ሁሉ የፈሪሳዊውን የስምዖንን ግብዣ ያስታውሳሉ። ስምዖን እንግዳውን ጠርቶ ማዕድ አቀረበ፤ ይሁን እንጂ ለእግሩ ውኃ፥ ለሰላምታ መሳም፥ ለራሱም ዘይት ነፈገው። ጌታም እነዚህን ሦስት ነገሮች ትንሽ ናቸው ብሎ አላለፋቸውም፤ አንድ በአንድ ቈጠራቸው፤ ከፍቅር ማነስ ጋርም አያያዛቸው። ቦዔዝም ወደ እርሻው በመጣ ጊዜ ስለ ሥራው ከመጠየቁ አስቀድሞ ለአጫጆቹ ሰላምታ ሰጠ። የእርሻው ጌታ ለቀን ሠራተኞች አስቀድሞ ሰላምታ መስጠቱ ተጽፎ መቅረቱ በከንቱ አይደለም።

አሁን እንግዲህ ወደ ጥያቄው ሥር እንደርሳለን፤ መልካም ጠባይ የፍትሕ ነገርም ነውና። በ1963 በአሜሪካ በአላባማ አገር ሜሪ ሐሚልተን የተባለች ጥቁር ሴት በፍርድ ቤት ለምስክርነት ቀረበች። ነጮቹን በማዕረግ ስማቸው ይጠራ የነበረው ዐቃቤ ሕግ እርስዋን ግን «ሜሪ» ብቻ ብሎ ጠራት። እርስዋም «ወይዘሪት ሐሚልተን» ተብላ ካልተጠራች እንደማትመልስ አስታወቀች። ዳኛው ፍርድ ቤትን ደፍራለች በማለት አምስት ቀን እስራትና ሃምሳ ዶላር መቀጮ ፈረደባት፤ በ1964 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። አንዲት የአክብሮት ቃል ትንሽ ነገር ብትሆን ኖሮ ዐቃቤ ሕጉ አይነፍጋትም ነበር፤ እርስዋም ስለዚያች ቃል ለመታሰር አትቈርጥም ነበር። በፈረንሳውያን ቅኝ አገሮችም የነበረው ነገር ከዚህ አይርቅም። የማርቲኒክ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ፍራንዝ ፋኖን በ1952 ባወጣው መጽሐፉ፥ ነጩ ሰው ጥቁሩን እንደ ሕፃን ቈጥሮ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ማነጋገሩ እንዴት ያለ ውርደት መሆኑን አሳይቶአል።

ሌላውን መውቀስ ግን ቀላል ነው። የእኛስ ቋንቋ? አማርኛ «አንተ»ን ከ«እርስዎ»፥ «እርስዋ»ን ከ«እሳቸው» ለይቶ የሚያውቅ ባለ ብዙ ክብር ቋንቋ ነው። ታዲያ ይህን ክብር ለማን እንሰጠዋለን? በጅቡቲ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያት ሴቶች በሰው ቤት ተቀጥረው ያገለግላሉ፤ በአዲስ አበባና በደጋው ከተሞችም እንዲሁ ነው። ዕድሜዋ ከእናታችን ጋር የሚተካከል ሴት ወጥ ስትሠራ፥ የዐሥር ዓመት ልጅ «አንቺ» እያለ ሲያዛት ወላጁ ሰምቶ ዝም ይላል። በዚያው ዕለት ግን አጎቱን «አንተ» ቢል ይቀጣዋል። በወደብም ሆነ በባቡር ጣቢያ ዕቃችንን የተሸከመውን ሰው «ኩሊ» ብለን እንጠራዋለን እንጂ ስሙ ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ አናስብም። የአክብሮት ቃል ለዕድሜና ለሰውነት የሚሰጥ ከሆነ ከእነዚህ ሰዎች ልንነፍገው ምን ሥልጣን አለን? ለገንዘብ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አባቶቻችን ጨዋነት ያሉት ይህን አይደለም።

ከእነዚህም የሚብስ አለ። ከወሎ፥ ከትግራይ፥ ከኦሮሚያም የተነሡ ወጣቶች ሐሩሩን በእግራቸው አቋርጠው ወደ ጅቡቲ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ወደ ኦቦክ ጠረፍ ሄደው፥ የመንን አልፈው ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት በጀልባ ይሳፈራሉ። በአፕሪል 2024 ከየመን የሚመለሱ ስደተኞችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በዚያ ጠረፍ ሰጥመው ብዙ ሰዎች አለቁ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩ። በዚህ ዐይነት መከራ ፊት ስለ ሰላምታና ስለ ትሕትና መናገር ቀልድ አይመስልምን? ሰላምታ ከባሕር አያወጣም፤ ጥምንም አያረካም። ነገር ግን የነገሩን ቅደም ተከተል እናስተውል። በግንብ ጥላ ሥር የተቀመጠውን ስደተኛ የማያየው ሰው ውኃ አይሰጠውም። ሰላምታ ደግሞ የማየት መጀመሪያ ነው። በየቀኑ ያለ ሰላምታ የምናልፈው ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ግንቡና እንደ ድንጋዩ ይሆንብናል፤ በሞተም ጊዜ ቍጥር እንጂ ስም አይኖረውም። ሰላምታ የእግዚአብሔር ነው ማለታችን ሰላምታ ለሁሉ የሚገባ፥ ከማንም የማይከለከል መሆኑን ለማስታወቅ ነበር። ውኃም ቢሆን አሰጣጥ አለው። «እንካ» ብሎ መወርወርና «ወንድሜ፥ ጠጣ» ብሎ በእጅ ማቀበል፥ ውኃው አንድ ሲሆን ስጦታው ሁለት ነው። በመጀመሪያው ጥሙ ብቻ ይቈረጣል፤ በሁለተኛው ግን ሰውነቱም ይታወቅለታል።

እዚህ ላይ መልካም ጠባይን ከሌሎች ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ፥ ጨዋነት የፍትሕ ምትክ አይደለም። የሠራተኛዋን ደመወዝ ለሦስት ወር ይዞ «እኅቴ» እያለ የሚያነጋግራት ሰው ለስላሳ ቃሉ በደሉን አያጠብለትም፤ እንዲያውም ያከብድበታል። ደመወዝን በቀኑ መክፈል ራሱ የአክብሮት መጀመሪያ ነው። ሁለተኛ፥ ጨዋነት ይሉኝታ አይደለም። ይሉኝታ ያለበት ሰው የሚያስበው ስለ ራሱ ነው፤ «ምን ይሉኛል?» ብሎ ይፈራል፤ ስለዚህ ክፉ ነገር ሲያይ ዝም ይላል፥ የማይፈጽመውንም ነገር «እሺ» ይላል። ጨዋ ሰው ግን የሚያስበው ስለ ባልንጀራው ነው፤ ስለዚህ እውነትን ይናገራል፥ ነገር ግን ሳያዋርድ ይናገራል። የማይችለውንም «አልችልም» ይላል፥ ነገር ግን ፊቱን ሳያጠቍር ይላል። ሜሪ ሐሚልተን ለፍርድ ቤቱ ያሳየችው ይህን ነበር፤ ሳትሳደብ እምቢ አለች።

ደግሞም ጨዋነት የሚፈተነው በድሎት ጊዜ አይደለም። በቀዝቃዛ አየር፥ ሆድ ሞልቶ፥ ሥራ ሲቃና ሁሉም ጨዋ ነው። የጅቡቲ በጋ ግን ከአርባ ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ አቧራ የያዘ ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል። ሹፌሩ ጭነት እስኪያገኝ በተሽከርካሪው ጥላ ሥር ይጠብቃል፤ የወረቀቱን ጉዳይ የያዘው ትራንዚተር ነገ ተመለስ ይለዋል። ከኢትዮጵያ በየቀኑ የሚመጣው ጫት እኩለ ቀን ገደማ ሲደርስ ደግሞ ከተማው ሥራውን አቁሞ ወደ ጥላ ይገባል። የደጋው ሰው በዚህ ጊዜ ቢቈጣ ምክንያት አያጣም። ነገር ግን ትዕግሥት ምክንያት ባለበት ሰዓት እንጂ በሌለበት ሰዓት ምን ያስፈልጋል? በሐሩር መካከል «እባክዎ» የሚል ቃል፥ ከብዙ ጥበቃ በኋላም «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል፥ በማለዳ ከሚነገረው ይልቅ ዋጋው የከበረ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን ሆይ፥ በመጀመሪያ የተነሣውን ጥያቄ እንመልስ። መልካም ጠባይ በመጠኑ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሌሎቹ ምግባራት ሁሉ የሚያልፉበት በር ነው። ታላቅ ደግነት ለማድረግ ዕድል የምናገኘው በዓመት አንድ ጊዜ፥ ወይም በዕድሜያችን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይሆናል። ሰላምታ ለመስጠት፥ ለመስማት፥ ለማመስገን፥ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን በየሰዓቱ ዕድል አለን። ከዛሬ ጀምሮ በቤታችን ያሉትን ሠራተኞች በስማቸውና በዕድሜያቸው ክብር እንጥራቸው፤ ልጆቻችንም እንዲሁ እንዲያደርጉ እናስተምራቸው። ሰው ሲያነጋግረን ዐይናችንን ከስልካችን አንሥተን ወደ ፊቱ እንመልከት። በሰው አገር ስንኖር ከቋንቋው ሌላ ምንም ባንማር እንኳ ሰላምታውን እንማር። በመንገድ ዳር የተቀመጠውንም እንግዳ፥ የምንሰጠው ነገር ባይኖረን እንኳ፥ ያለ ሰላምታ አንለፈው፤ ሰላምታ ለመስጠት ድኻ የሆነ ማንም የለምና።